ከነጋሪት ወደ ሙግት
ወሬን የመመርመር ትምህርት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የአንድ ኅብረተሰብ የንቃተ ኅሊና ደረጃ የሚለካው ፊደል በለዩ ሰዎች ብዛት ብቻ አይደለም። የሰማውን ሳያጣራ የማያስተላልፍ፣ ያነበበውን ሳይመረምር የማይቀበል ዜጋ ማፍራቱም ዐቢይ መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ዛሬ ከምንጊዜውም የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ቀደም ሲል ወሬ የሚጓዘው በመንገደኛና በገበያተኛ እግር ነበር። ከጎንደር የተነሣ ወሬ ጉናን ዞሮ ጋይንት እስኪደርስ፣ ከጋይንትም ወርዶ ስማዳ እስኪሰማ ድረስ ቀናት ይፈጅ ነበር። በብዙ አፍ ሲያልፍ መጣመሙ ባይቀርም፣ ለማጣራት የሚሻ ሰው ግን ጊዜ ነበረው። ዛሬ ከባሕር ማዶ የተነዛ አሉባልታ ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ለመድረስ ከደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይሻም። የወሬው ፍጥነት በጨመረ መጠን የማጣሪያው ጊዜ ጠፍቷል።

ስለሆነም የብዙኃን መገናኛን መርምሮ የመረዳት ትምህርት የከተማ ልጆች ቅንጦት ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖረው ገበሬ፣ ተማሪና መምህር የሐሰት ወሬን የሚመክትበት መሣሪያ ከየት ይመጣል? የሚል ነው። በእኛ እምነት መሣሪያው በአመዛኙ በሕዝቡ እጅ ያለ፣ ዘመናት ያስቆጠረ ሀብት ነው። የጎደለው ከሸንጎ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ እጅ ስልክ መሸጋገሩ ነው። ይህን ለማስረዳት በቅድሚያ የጉዳዩን ክብደት፣ ቀጥሎም የአሉባልታን መንስዔ፣ በመጨረሻም መወሰድ ያለበትን እርምጃ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሁለት ግድያዎች

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ አዲስ ዓለም በተባለች ቦታ ሁለት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በተቆጣ ሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ። ወደዚያ የሄዱት ለጤና ምርምር ነበር። ሆኖም ልጆችን በክትባት ስም ሊመርዙ መጥተዋል የሚል ወሬ በአካባቢው ተነዛ። የታመመው ልጅ የማን ልጅ ነው? መርፌ ሲወጉ በዓይኑ ያየ ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ከዱላው ሊቀድሙ ሲገባቸው ዱላው ቀደመ። የሕዝብን ልጆች ከበሽታ ለማዳን የተማሩ ሰዎች የሕዝብ ልጆች ጠላት ተብለው ሞቱ።

ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከግድያው ሦስት ሳምንታት ገደማ አስቀድሞ፣ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ፣ በትግራይ ተወላጅነታቸው ላይ ያነጣጠሩ የሐሰት ውንጀላዎች በፌስቡክ ተሠራጭተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ኩባንያ ላይ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ክስ መሥርቷል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

እነዚህን ሁለት ድርጊቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው የተፈጸመው በገጠር፣ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፍበት ሥፍራ ነው። ሁለተኛው የተፈጸመው በክልሉ ርዕሰ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርን በተመለከተ፣ ማንበብና መጻፍ በሚችሉ ሰዎች መካከል በተሠራጨ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የሐሰት ወሬ ሰለባ የሚሆነው መሃይም ብቻ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በተጨባጭ ማስረጃ ፊት ይወድቃል።

ይህ ማለት ፊደል ማስቆጠር ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየተስፋፋ ሲሄድ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ለንባብ አብቅቷል፤ አገራችንንም በ1972 ዓ.ም. ለዩኔስኮ ሽልማት ያበቃ ተግባር ነበር። ደብዳቤውን ለማስነበብ የሰው ደጅ ይጠና የነበረ ገበሬ የራሱን ጉዳይ በራሱ ዓይን እንዲያነብ መብቃቱ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ማንበብ መቻል የተጻፈውን መመዘን ከመቻል ይለያል። ፊደል የለየ ዓይን ሐሰቱንም እውነቱንም በእኩል ፍጥነት ያነባል። ሁለተኛው መሠረተ ትምህርት የሚጀምረው የመጀመሪያው ካቆመበት ነው የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሉባልታ ከምን አፈር ይበቅላል?

አሉባልታን ለመዋጋት የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ የሚበቅልበትን አፈር ማወቅ ይኖርበታል። ሕዝቡ የሐሰት ወሬ የሚያምነው ስላልሠለጠነ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትንተና ግን አይደለም። እኛ ሦስት መንስዔዎችን እንጠቅሳለን።

አንደኛው ታሪካዊ ነው። ብዕርና ወረቀት ይዞ ወደ መንደር የሚገባ እንግዳ ለገበሬው ብዙ ጊዜ መልካም ዜና ይዞ አልመጣም። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ከእስቴ ባሻገር፣ ዓባይን ተሻግሮ ያለው የጎጃም ገበሬ ያመፀው ገማችና መዝጋቢ መሬቱን ሊያሳጣው እንደሚችል በመስጋቱ ጭምር ነበር። ስጋቱ ከባዶ የመነጨ አልነበረም፤ በባለጉልትና በግብር ሰብሳቢ መካከል ሲናጥ የኖረ ሕዝብ ተሞክሮ ነበር። ስለዚህ ዛሬም መዝጋቢው የጤና ባለሙያ ሲሆን፣ የደም ናሙና የሚወስደው ተመራማሪ ሲሆን፣ ሴፍቲኔት የሚባለውን የምግብ ዋስትና ድጋፍ ተጠቃሚዎች ስም የሚያሰፍረው ኮሚቴ ሲሆን፣ ያ አሮጌ ጥርጣሬ አብሮ ይነሣል። በአብዛኛው አሉባልታ ውስጥ ከእውነተኛ ሕይወት የተወሰደ አንዲት ፍሬ አለች። ሐሰቱ በርሷ ዙሪያ የተጠመጠመው ገለባ ነው። ገለባውን ለማራገፍ የሚሻ ፍሬዋን መናቅ የለበትም።

ሁለተኛው መንስዔ ዝምታ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የጊዜው መንግሥት ጉዳዩን ለመሸፈን ሞከረ፤ ዓለም በሰፊው ያየው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ከታየ በኋላ ነው። ከ11 ዓመታት በኋላም ያው ስሕተት ተደገመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በድምቀት ሲከበር ሰሜኑ በረሃብ ይቃጠል ነበር፤ የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ የታየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዘመናት ረሃቡን የሚያውቀው ሕዝብ ሬዲዮኑን ከፍቶ ስለ ሌላ ነገር ይሰማ ነበር። በዓይኑ የሚያየውን በሬዲዮ ያጣ ሕዝብ ከዚያ በኋላ በሬዲዮ የሚሰማውን ማመን ቢያቆም ማን ሊወቅሰው ይችላል? ወሬ ባዶ ቦታ አይወድም። ኃላፊነት ያለው አካል ያልሞላውን ክፍተት ኃላፊነት የሌለው ይሞላዋል።

ይህ ክፍተት በቅርቡም በአካባቢው ታይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ሥር በቆየችባቸው ቀናት ዘመድ ስለ ዘመዱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሠተው ግጭት ሳቢያም የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሐሰት ወሬ አብሮ ይቋረጣል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። የሚቋረጠው ማጣሪያው ነው፤ ወሬውማ ወደ ጥንት እግሩ ተመልሶ በመንገደኛ አፍ ይጓዛል።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። በነፋስ መውጫ ከደረሰው በደል መካከል ዓለም በሚገባ ያወቀው በትዕግሥት የተመዘገበው ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ዘገባ በከተማዋ የሚኖሩ 16 ሴቶች ስለ ተፈጸመባቸው የመደፈር ወንጀል የሰጡትን ቃል መሠረት ያደረገ ነበር። በዚያው ጦርነት ወቅት ግን ከሌላ አገርና ከሌላ ዘመን የተወሰዱ ፎቶግራፎች የዛሬ ናቸው እየተባሉ በሁሉም ወገን ይበተኑ ነበር። እንዲህ ያለው ተግባር ለተበዳይ የቆመ ቢመስልም ተበዳይን ይጎዳል። ምክንያቱም አንድ ሐሰተኛ ፎቶግራፍ በተጋለጠ ቁጥር በዳዩ ሁሉም ሐሰት ነው ለማለት በር ይከፈትለታል። የእውነተኛዋ ተበዳይ ቃል ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ይጣላል። ሐሰትን መመርመር ለእውነት ጥብቅና መቆም ነው የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው መንስዔ ትርፍ ነው። ነዳጅ ሊጠፋ ነው፣ ዘይት ሊወደድ ነው የሚል ወሬ ሲነዛ ሸቀጥ የደበቀው ነጋዴ ያተርፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በተለወጠ ማግሥት፣ በአሮጌ ዋጋ የገባ ዕቃ በአዲስ ዋጋ የተሸጠው በዚሁ የሥጋት ንፋስ ታግዞ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ትልቁ ነጋዴ አለ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ የሚሸጡት የሰውን ትኩረት ነው። ቁጣና ድንጋጤ ብዙ ዓይን ይስባሉ፤ ብዙ ዓይን ብዙ ማስታወቂያ ያመጣል። ባሕር ማዶ ተቀምጦ በወገኑ ደም ላይ ተመልካች የሚቆጥር ሰው የዚሁ ገበያ ቸርቻሪ ነው። የስማዳው ወጣት ስልኩን ሲነካ እርሱ ገዢ ሳይሆን ሸቀጥ መሆኑን ካላወቀ የብዙኃን መገናኛ ትምህርቱ ገና አልተጀመረም።

የነጋሪትና የሸንጎ ባህል

ወደ ዋናው ነጥባችን እንመለስ። በአገራችን ቃልን የማስተናገድ ሁለት ባህሎች ጎን ለጎን ኖረዋል።

የመጀመሪያው የነጋሪት ባህል ነው። አዋጅ ነጋሪው በገበያ ቀን ነጋሪት ጎስሞ የሚያሳርገው ትዕዛዝ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ የሚል ነበር። ነጋሪት ሰሚውን አስተላላፊ ያደርገዋል፤ መርማሪ ግን አያደርገውም። ስልክ ውስጥ ያለችው ማጋሪያ ምልክት ይህንኑ ትዕዛዝ በእያንዳንዱ ሰው መዳፍ ላይ አስቀምጣለች። ልዩነቱ የጥንቱ ነጋሪት ባለቤቱ የታወቀ ሲሆን የዛሬው ግን ጎሳሚው የማይታወቅ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የሸንጎ፣ የሙግት ባህል ነው። በዛፍ ጥላ ሥር በተሰየመ ዳኛ ፊት፣ በተጠየቅና በበላ ልበልሃ ሥርዓት የሚሟገቱት ከሳሽና ተከሳሽ ስለ ተናገሩ ብቻ አይታመኑም። ምስክር ቁጠር ይባላል። የተቆጠረው ምስክር ደግሞ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ከማን ሰማህ? የት ቆመህ አየህ? ከባለጉዳዩ ጋር ጠብ ወይስ ዝምድና አለህ? እየተባለ ይፈተናል። ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜም አገሬው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ነገሩን ያጣራል። ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም አንልም፤ አውጫጭኝ ንጹሑን ሰው ከሥራው አፍልሶ የሚያንገላታበት፣ ጉልበተኛም ድሃን የሚያስወነጅልበት ጊዜ ነበር። ዳሩ ግን የሙግቱ ባህል በመሠረቱ ቃልን ከተናጋሪው ማዕረግ ነጥሎ በማስረጃ የሚመዝን ነው። ገበሬው መሬቱን በተመለከተ የተነገረውን አንድም ቃል ያለ ምስክር አይቀበልም። ያው ገበሬ በስልክ የመጣለትን ወሬ ያለ ምስክር የሚቀበለው ለምንድን ነው? መሬቱን ሸንጎ ውስጥ፣ ወሬውን ነጋሪት ሥር ስላስቀመጠው ነው።

የቤተ ክህነቱ ትምህርትም የዚህ ዓይነት ሀብት አለው። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ደቀ መዝሙሩ ድጓን በየትም ደብር ቢማር ዕውቀቱ የሚጸድቀው ቤተልሔም ወርዶ ቃሉና ምልክቱ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ሲታረም ነው። ማመሳከር የሚለው የአማርኛ ቃል ምስክር ከሚለው መውጣቱን ልብ ይሏል። ከዚህም ሌላ በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ የራሱን ፈጥሮ ማምጣት ይጠበቅበታል። እነዚህ ጉባኤዎች ለመምህሩ ቃል የሚሰጡት ሥልጣን ከፍ ያለ መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን ከምንጩ ሳታመሳክር ተማርኩ አትበል፣ ከላዩ ትርጉም ሥር ያለውን ፈልግ የሚሉት ሁለቱ መመሪያዎች ለዛሬው ስልክም የሚበቁ ናቸው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚለውም የሕዝቡ የራሱ አባባል ነው።

ትምህርት ቤቱ ከየትኛው ወገን ነው?

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የምንጠይቀው ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከሁለቱ ባህሎች የትኛውን እንደ ወረሰ ነው። መልሱ አያስደስትም። መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ በፈተና ቀን የጻፈውን ይመልሳል። ይህ ነጋሪት ነው። ውጤቱም በአደባባይ ታይቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ኩረጃን በሚከላከል አዲስ ሥርዓት ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 29,909፣ ማለትም ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። ለዚህ ውጤት ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት፣ ጦርነትና ድህነት አሉበት። ከእነርሱ ጋር ግን የሰሙትን መድገም እንደ ማወቅ የተቆጠረበት ልማድ መኖሩን መካድ አይቻልም።

መመርመር ለሕፃን አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። ኡጋንዳ ለዚህ መልስ ሰጥታለች። በዚያ አገር በ120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ተካሂዷል። ግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ይህ መድኃኒት ያድናል፣ ያ ምግብ ይፈውሳል የሚሉ አባባሎችን እንዴት መመዘን እንደሚቻል በሥዕላዊ መጽሐፍ ታግዘው በዘጠኝ ክፍለ ጊዜ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ትምህርቱን ካገኙት ሕፃናት 69 በመቶው ፈተናውን ሲያልፉ ካላገኙት መካከል ያለፉት 27 በመቶው ብቻ ናቸው። ኮምፒዩተር አላስፈለገም፤ ኢንተርኔትም አላስፈለገም። ያስፈለገው ጥያቄ የሚፈቅድ ክፍልና የሠለጠነ መምህር ነው። ይህን ወገዳና አርብ ገበያ ላይ ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ትምህርቱ ከሸንጎው በተወሰዱ አምስት ጥያቄዎች ሊጀመር ይችላል።

አንደኛ፣ ይህን የተናገረው ማን ነው? ስሙና አድራሻው ይታወቃል?

ሁለተኛ፣ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ሰምቶ ከሆነ ከማን?

ሦስተኛ፣ ነገሩ መቼና የት ሆነ? ፎቶግራፉስ የዚህ ቀንና የዚህ ሥፍራ ነው?

አራተኛ፣ ከመጀመሪያው ያልቀዳ ሌላ ምስክር አለ? አሥር ሰዎች ቢያወሩት አሥሩም ከአንድ አፍ ከሰሙ ምስክሩ አንድ ነው። ሺህ ሰው ያጋራው ጽሑፍም እንዲሁ።

አምስተኛ፣ ወሬው ቢታመን ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል?

ተማሪው እነዚህን ጥያቄዎች በቃሉ ቢያጠናቸው ብቻ እንደገና ነጋሪት ይሆናሉ። ስለዚህ በዕለቱ በመንደሩ የተሰማ ወሬ ወደ ክፍል ይግባ፤ ተማሪዎች በከሳሽ፣ በተከሳሽና በዳኛ ወገን ተከፍለው ይሟገቱበት፤ ለዳኛው ቦታ የሚሰየመው ልጅም ፍርዱን ከነምክንያቱ ይናገር። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ድምፅና ምስል በዓይንና በጆሮ ብቻ የማይለይበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በዚህ ዘመን የምስሉን ጥራት ከማየት ይልቅ የምስሉን ምስክሮች መጠየቅ የተሻለ መከላከያ መሆኑን ተማሪው በሥራ ይረዳዋል።

ለዚህ ተግባር የሚሆኑ ኃይሎች በአካባቢው አሉ። ደብረ ታቦር የመምህራን ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አዲስ መምህር ወደ እስቴ ወይም ወደ ስማዳ ከመሰማራቱ በፊት ይህን የማስተማር ዘዴ ይዞ መውጣት ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይገባሉ፤ ወሬን ቀድመው የሚሰሙትም እነርሱ ናቸው። ሬዲዮ ስልክ በማይደርስበት ቆላ ይደርሳል። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉ መረጃ አጣሪ ቡድኖች የሚያወጡት ውጤት በአመዛኙ በኢንተርኔት ላይ የሚቀር በመሆኑ፣ በክልሉ ሬዲዮ በኩል ወደ ገበያተኛው ጆሮ ቢደርስ ሥራቸው እጥፍ ፍሬ ያፈራል። ከሁሉ በፊት ግን ትምህርት ቤቱ ክፍት መሆን አለበት። በግጭቱ ምክንያት በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው፣ ከሌላው ጉዳቱ በተጨማሪ፣ አንድን ትውልድ መከላከያ ሳያስታጥቁ በወሬ ጎርፍ ውስጥ መተው ነው። ሰላም የዚህ ትምህርት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው።

መርማሪና ተጠራጣሪ

በዚህ አጋጣሚ አንድ አደገኛ ስሕተት እናመልክት። ሁሉም ውሸታም ነው፣ ማንንም አልሰማም ማለት ነቃሁ ማለት አይደለም። በደፈናው የሚጠራጠርም በደፈናው የሚያምንም ሁለቱም ከመመርመር ድካም የሸሹ ናቸው። ዳኛ ምስክር ሁሉ ይዋሻል ብሎ ፍርዱን ቢያቋርጥ ዳኛ አይሆንም። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ብርቱ ጉዳት ካደረሰባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን የዓይን ብርሃን የሚያጠፋውን ይህን በሽታ ለመከላከል መድኃኒት ለሕዝብ በጅምላ ሲታደል ኖሯል። መድኃኒቱን ሳይጠይቅ የሚውጥ ገበሬ ነገ ሐሰተኛውንም ይውጣል። ሳይጠይቅ የሚተፋው ደግሞ ዓይኑን ያጣል። ምንድን ነው? ማን ላከው? ቀድሞ የወሰዱት ምን ሆኑ? ብሎ ጠይቆ፣ መልስ አግኝቶ የሚውጠው ግን ዓይኑንም ነፃነቱንም ይጠብቃል። የአዲስ ዓለም ዓይነት ወሬ ነገ ዓባይን ተሻግሮ እስቴ ቢደርስ ልዩነት የሚፈጥረው እንዲህ ያለው ሰው በመንደሩ መገኘቱ ነው።

ይህ እንዲሆን የሚጠየቀው አካልም ለመመለስ ዝግጁ መሆን አለበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሆን ብሎ ሐሰት የሚያሠራጨውን ይቀጣል፤ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ሐሰተኛውን እንዲያነሡ ያዛል። ሕጉ አስፈላጊ ቢሆንም የሚደርሰው ወሬው ከተነዛ በኋላ ነው፤ በአዲስ ዓለም ግን 24 ሰዓት አልተገኘም። ከዚህም በላይ ሐሰተኛ የሚለው ስያሜ የማይመች ጥያቄን ዝም ለማሰኘት የዋለ እንደሆነ ሕዝቡ እውነትን በሹክሹክታ መፈለጉን ይቀጥላል፤ አሉባልታም የክብር ቦታ ያገኛል።

እንግዲህ የምርመራው ትምህርት የመንግሥትን እመን፣ የሌላውን አትመን የሚል ከሆነ ገና ሳይጀመር ከሽፏል። ተማሪው አምስቱን ጥያቄዎች በፌስቡክ ጽሑፍ ላይ እንደሚያነሣው ሁሉ በወረዳው ማስታወቂያ ላይ፣ በመምህሩ ገለጻ ላይ፣ ይህንንም ጽሑፍ ጨምሮ በጋዜጣ ዓምድ ላይ ሊያነሣው ይገባል። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር ከነመመዘኛው በአደባባይ ይለጠፍ፤ ማዳበሪያ የዘገየ እንደሆነ ለምን እንደ ዘገየና መቼ እንደሚደርስ ይነገር፤ ለደም ናሙና የሚመጣ ተመራማሪ አስቀድሞ ከወላጆች ጋር በሸንጎ ይቀመጥ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ማስረጃው የት አለ? ብሎ የጠየቀ ገበሬ እንደ በጥባጭ መታየቱ ይቁም። ጥያቄውን በአደባባይ መልስ ያገኘ ሰው ማታ በጓዳ ወሬ አይፈልግም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ ዘመን ግን ሐሰት ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ያድራል፤ በአዲስ ዓለምና በባሕር ዳር ንጋቱ ሳይጠራ ሰው ሞቷል። ስለሆነም የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የቤተ ክህነት ሊቃውንትና የአገር ሽማግሌዎች የሙግቱን ባህል ከዛፉ ጥላ አንሥተው ወደ ክፍልና ወደ ስልክ የማሸጋገር ኃላፊነት አለባቸው። የአስተዳደርና የመገናኛ ብዙኃን ሠራተኞች ደግሞ በዚያ ሸንጎ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ቀርበው ምስክራቸውን የመቁጠር ግዴታ አለባቸው። የሰማህ ላልሰማ አሰማ የሚለው ጥሪ ይቆይ፤ ከእርሱ በፊት ግን የሰማህ መርምር የሚለው ይቅደም።